ከባህር ማዶ የምትመጣ በጎ ፈቃደኛ ቤታችን ልታርፍ ነው፤ ድሬዎችና ሐረሮች ምከሩኝ

የገንደ ቆሬ ልጅ | ሰኞ ማታ

ሰላም፣ እንዴት ከረማችሁ። ቶሎ ምክር የሚያስፈልገው ጉዳይ ስለገጠመኝ ነው የጻፍኩት።

ከውጭ አገር የምትመጣ አንዲት በጎ ፈቃደኛ መምህርት እኛ ቤት እንድታርፍ ተጠይቀን እሺ ብለናል። እዚሁ ድሬ አንድ የመንግሥት ትምህርት ቤት እንግሊዝኛ ልታስተምር ነው። ገና ሃያዎቹ መጀመሪያ ላይ ያለች ልጅ ናት። አማርኛ እየተማረች ነው ብለውናል። የመጀመሪያዎቹን ወራት ከእኛ ጋር ትኖራለች። ከዚያ በኋላ ከተስማማት ትቀጥላለች፣ ካልሆነም ቤት ትከራያለች።

የላኳት ሰዎች መጥተው ቤቱን አይተዋል። የጠየቁን ብዙ አይደለም። የራሷ ክፍል፣ ቁልፍ ያለው በር፣ መስኮቱ ላይ ብረት፣ አጎበር፣ ንጹሕ መጸዳጃ ቤት። ታናሽ ወንድሜ ክፍሉን ለቆላት ሳሎን ሊተኛ ነው። እሱማ ደስታውን አልቻለውም።

የጨነቀኝ የእማዬ ነገር ነው። ቡፌ ውስጥ ለዓመታት የተቀመጡት ሰሃኖች ወጥተው ታጥበዋል። ወፍራም ብርድ ልብስ ተገዝቷል፣ ያውም ለድሬ! በየቀኑ ዶሮ ልሥራላት ትላለች። ለቀለብ ተብሎ በየወሩ የሚሰጠን ገንዘብ አለ። «እንግዳ አብልቼ ገንዘብ ልቀበል?» ብላ ተቆጥታለች።

እኔ የምፈራው ልጅቷ እንደ ትልቅ እንግዳ ስትከበር ከርማ፣ ሳንተዋወቅ እንዳትወጣ ነው። እንግዳ መቀበልማ እናውቅበታለን። ሰውን ለወራት ቤተኛ አድርጎ ማኖር ግን ሌላ ነው። እናንተ ቤት በጎ ፈቃደኛ አርፎ የሚያውቅ ከሆነ፣ ወይም ራሳችሁ ውጭ ሄዳችሁ ሰው ቤት ከኖራችሁ፣ እባካችሁ ንገሩኝ። ውሃው፣ ሙቀቱ፣ ምግቡ፣ ሰፈሩ፤ የቱን ላስቀድም?

ሳቢያን 02 | ሰኞ ማታ

እንኳን ደስ አላችሁ። እናትሽ ገንዘቡን ይቀበሉ። የልጅቷ ቀለብ ነው፣ ጉቦ አይደለም። ቤተሰብ ከኪሱ እያወጣ ከከረመ ትንሽ ቆይቶ ፊት መጥቆሩ አይቀርም። ልጅቷን ስለጠላ ሳይሆን ወጪው ስለሚከብደው። ያን ጊዜ እሷም ምን እንዳጠፋች አይገባትም።

አንድ ነገር ደግሞ ልጠይቅ፣ በክፉ አትዩብኝ። እኛ እነሱ አገር ብንሄድ እንዲህ ክፍል ይለቀቅልናል? ሰሃን ይወጣልናል? ከገጠር የመጣ የአጎት ልጅ ሳሎን መሬት ላይ ነው የሚተኛው። ለፈረንጅ ሲሆን ለምን እንዲህ እንሆናለን?

የሸዋ በሯ | ማክሰኞ ጠዋት

እህቴ፣ እኛ ሐረር ጁገል ውስጥ ነን። አንዲት በጎ ፈቃደኛ እኛ ጋ ኖራለች፤ ዛሬም ከእናቴ ጋር ይደዋወላሉ።

የሐረሪ ቤት ያየ ሰው ያውቀዋል። ኑሮው በሙሉ ትልቁ ሳሎን ውስጥ ነው። ደረጃ ደረጃ ያለው መደብ አለ፣ ነደባ የምንለው። ሁሉም እንደ ዕድሜውና እንደ ክብሩ የሚቀመጥበት ቦታ አለው። እንግዳችንን ያስተኛናት ኪርታት ውስጥ ነው። ጎን ላይ ያለችው ዝቅ ያለች ክፍል ናት፤ በጥንቱ ወግ ሙሽሮች የሚያርፉባት። መጋረጃ ብቻ ነበራት፣ ለእሷ ብለን በር አስገጠምንላት። ያ በር ያስፈለገበት ምክንያት የገባን ዘግይቶ ነው።

የመጀመሪያው ሰሞን ጎረቤቱ ሁሉ ሊያያት ጎረፈ። የእናቴ አፎቻ፣ ማለትም እንደ እድር ያለው ማኅበሯ፣ ሴቶች በየተራ መጡ። ቡና ተፈላ፣ እሱ ሳያልቅ ሌላ ቡና። ልጅቷ ፈገግ ብላ ትቀመጥና ሰው ሲሄድ ክፍሏ ገብታ ትዘጋለች። እናቴ «አሟታል፣ አለዚያም አስቀይመናታል» እያለች እንቅልፍ አጣች። ጠዋት ስንጠይቃት ምንም አልሆነችም። ሰው ሲበዛባት ብቻዋን መቀመጥ ያሳርፋታል። እኛ ዘንድ የታመመ ሰው እንኳ ብቻውን አይተውም፤ ለዚህ ነው የሚከብደን። ይሄን ለእናትሽ ከአሁኑ ንገሪያት። ከሥራ መጥታ በሯን ዘግታ ብትቆይ ኩርፊያ አይደለም።

ሁለተኛው፣ ሥራ ስጧት። እናቴ መጀመሪያ ላይ ሰሃን እንኳ አታስነሳትም ነበር። አንድ ቀን የምታግዘን ልጅ ቀርታ እናቴ ብቻዋን ስትሯሯጥ፣ ልጅቷ ማንንም ሳትጠይቅ ሽንኩርት መላጥ ጀመረች። እናቴ አጠገቧ ተቀመጠችና መዳፏ ላይ ይዛ እንዴት እንደሚከተፍ አሳየቻት። ልጅቷ ቢላዋውን አየች፣ እጇን አየች፣ ከዚያ መክተፊያ ለመነች። መክተፊያ ተሰጣት። ቀስ እያለች፣ አንዱን ከሌላው እያስተካከለች ከተፈች። ወጡ ዘገየ። ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ ጓዳ ገብታ ክዳን ከፍታ ማየት ጀመረች። እናቴም «ልጄ» ማለት የጀመረችው ያኔ ነው።

ሰፈሩን በተመለከተ፣ ልጆቹን አስተዋውቋት። ጁገል 48 ሄክታር ብትሆን ነው፤ ውስጧ ግን 368 መተላለፊያ አለ። አንድ የጎረቤት ልጅ ጠዋት ጠዋት መኪና ግርግር በምንለው የልብስ ሰፊዎች መንገድ አድርጎ እስከ ፈረስ መጋላ አደባባይ ያደርሳት ነበር። ልብስ ሰፊዎቹ ሁሉ በስሟ ይጠሯት ጀመር። «ፈረንጅ ፈረንጅ» የሚለው በዚያው ቀረ።

ሳቢያን 02 ወንድሜ፣ የአጎትህን ልጅ ያነሣኸው ልክ ነህ። እኔ ግን የምለው ለእሱም አልጋ ይዘጋጅ ነው።

ከጀርመን ተመላሽ | ማክሰኞ ከሰዓት

ለሳቢያን 02 ጥያቄ እኔ ልመልስ፣ ምክንያቱም ክፍል ከተለቀቀላቸው አንዱ ነኝ።

የድሬ ልጅ ነኝ። ጀርመን ውስጥ አንድ ዓመት በበጎ ፈቃደኝነት አገልግያለሁ። ቬልትቬርትስ የሚባል የወጣቶች መርሐ ግብር አላቸው፣ በ2008 እ.ኤ.አ. የተጀመረ። መጀመሪያ የእነሱ ልጆች ናቸው ወደ እኛ ዓይነት አገሮች ሲላኩ የነበሩት። ከ2013 ጀምሮ የእኛም ልጆች ወደዚያ መሄድ ቻሉ። ሥራው የሚከናወነው በፌዴራል የበጎ ፈቃድ አገልግሎታቸው በኩል ነው፤ እሱም በ2011 የግዴታ ውትድርና ሲቆም የተቋቋመ ነው። የኪስ ገንዘብ፣ የጤና መድን፣ በዓመቱ ውስጥ 25 የሥልጠና ቀን አለው። እኔ የተመደብኩት አረጋውያን የሚጦሩበት ቤት ነበር። የኖርኩት ደግሞ አንድ ቤተሰብ ጋ ነው።

የገባሁ ዕለት የቤቱ እናት የበሩን ቁልፍ እጄ ላይ አደረገችልኝ። ማቀዝቀዣው ውስጥ የእኔ የሆነውን መደርደሪያ አሳየችኝ። ልብስ ማጠቢያውን የምጠቀምበትን ቀን ነገረችኝ። ከዚያ ራት ቀረበ። ዳቦ፣ አይብ፣ ቀዝቃዛ ሥጋ፣ ኮምጣጤ የገባበት ኪያር። ትኩስ ነገር የለም፣ ማታ ማታ የሚበሉት እንደዚያ ነው። «ጨምር» ሲሉኝ እንዳደግኩበት «በቃኝ» አልኩ። ሰሃኑ ተነሣ። የሚለምነኝ የለም። እየራበኝ ተኛሁ።

ሴትየዋ ንፉግ አልነበረችም፣ ቃሌን አምና ነው። እናንተ ቤት የሚመጣው ተገላቢጦሹ ነው። ልጅቷ «በቃኝ» ስትል የምሯን ነው። እናትሽ «በሞቴ» እያሉ ጉርሻ ሲደጋግሙባት እንቢ ማለቱ ይከብዳታል፣ መብላቱም ይከብዳታል። አንድ ጊዜ ይጠይቋት፣ ካልፈለገች ይተዋት። ለእሷም ንገሪያት፤ እዚህ ቤት ደጋግሞ መጠየቅ የፍቅር ነው፣ ደጋግማ «አይ» ብትል ማንም አይቀየማትም።

ሌላው፣ የቤቱን ሥርዓት በመጀመሪያው ማታ ንገሯት። የውጭ በር ስንት ሰዓት ይዘጋል፣ ራት መቼ ነው፣ ውሃ በየትኛው ቀን ይመጣል፣ ልብስ የት ይታጠባል፣ ማታ ብትቆይ ለማን ትደውል። እኛ እንግዳን ሥርዓት መንገር ነውር ይመስለናል። እኔ ግን ያ ሁሉ ስለተነገረኝ ነው ቶሎ የተረጋጋሁት። ያልተነገረውን ሰው በግምት ነው የሚኖረው፣ ግምት ደግሞ ያደክማል።

ነርስ ነኝ ድሬ | ማክሰኞ ማታ

የጤናውን ለእኔ ተዉት።

ውሃ፦ የድሬ ውሃ ኖራ ይበዛዋል። ማንቆርቆሪያችሁን ክፈቱና እዩት፣ ታቹ ነጭ ቅርፊት ይዟል። ሆድ የሚያበላሸው እሱ አይደለም፣ የማይታየው ነው። አፍሉላት። ድሬ ከባህር ጠለል 1,200 ሜትር ገደማ ስለሆነች ውሃው ከተንፈቀፈቀ በኋላ አንድ ደቂቃ ይበቃል። ብዙ ሰው የሚሳሳተው ከፈላ በኋላ ነው። ባለ ክዳን ዕቃ ውስጥ አድርጉት፣ ኩባያ እየነከራችሁ አትቅዱበት።

ትንኝ፦ እዚህ ላይ ጠበቅ ላድርገው። በ2013 እ.ኤ.አ. ድሬ ውስጥ ደንጊ ገባ፣ በ2019 ደግሞ ቺኩንጉንያ ከተማውን አዳረሰው። ሁለቱንም የምታስተላልፈው ኤደስ የምትባለው ትንኝ ናት፣ የምትነድፈውም ቀን ነው። ስለዚህ አጎበር ብቻውን አያድንም። በ2022 በበጋ ወባ ሲነሣ የተገኘችው ደግሞ አኖፌለስ ስቴፈንሲ ናት፣ ከእስያና ከዓረብ ምድር የመጣች የከተማ ትንኝ። ሁለቱም የሚራቡት ውሃ በተራ ስለሚመጣ በርሜል ውስጥ በምናጠራቅመው ንጹሕ ውሃ ነው። በርሜሉን ክደኑት። በየሳምንቱ አሟጡትና ግድግዳውን ፈትጋችሁ እጠቡት፣ የኤደስ እንቁላል ጠርዙ ላይ ይጣበቃል። ይሄ ለእንግዳዋ ብቻ ሳይሆን ለወንድምሽም ነው።

ትኩሳት ከያዛት «ሙቀቱ ነው» ብላችሁ አትቆዩ፣ በዚያው ቀን ትመርመር። ውጤቱ እስኪታወቅ ከፓራሲታሞል ሌላ አትስጧት። ደንጊ ከሆነ አስፕሪንና አይቡፕሮፌን ደም ያስፈሳሉ።

ምግብ፦ የግመል ወተት ሳይፈላ አይሆንም። ጥሬ ሥጋ ይቅርባት። በርበሬውን ቀስ በቀስ። ኦ.አር.ኤስ. ቤት ውስጥ ይኑር፣ አንዱ ከረጢት በአንድ ሊትር ነው።

የመጋላ ነጋዴ | ማክሰኞ ማታ

መቼ ነው የምትመጣው? ለሁለተኛው መንፈቅ ከሆነ ዘንድሮ ዐቢይ ጾምና ረመዳን ይገጣጠማሉ። እኛ ሰፈር ቀን ቀን ምግብ ቤት ክፍት አታገኝም፣ ምሳዋን ከቤት ቋጥሩላት። ማታ ግን ከአፍጥር በኋላ ሰፈሩ ሕይወት አለው፤ ሳምቡሳው፣ ፈጢራው፣ ሙሽበኩ። አምጧት፣ እኛ ቤት ታፈጥራለች።

የገንደ ቆሬ ልጅ | ረቡዕ

አቦ ተባረኩ! ሁሉንም ለእማዬ አነበብኩላት። በርሜሉ ዛሬውኑ ታጥቧል። ስለ ብቻዋን መቀመጥ የተጻፈውን ሁለተኛ አስነበበችኝ። «ታዲያ ሰው ብቻውን ተዘግቶ ምን ያስባል?» አለችኝ። አዝናለች፣ ግን ተቀብላዋለች። ገንዘቡን እሺ ብላለች፣ ለብቻው ፖስታ ውስጥ ሊቀመጥ።

የምትመጣው ጾሙ ሊገባ ሲል ነው። ዶሮው የመጀመሪያው ማታ ብቻ ይሆናል። በጾም እንቁላልና ወተት ይሠራላታል፣ ካልፈለገች በስተቀር።

የከዚራ ጡረተኛ መምህር | ሐሙስ ጠዋት

ልጄ፣ ያነሣሽው ጉዳይ ልቤን ነካው።

እኔ የአሜሪካ የሰላም ጓድ (ፒስ ኮር) መምህራን ያስተማሩት ትውልድ ነኝ። ፕሬዚዳንት ኬኔዲ ያን ድርጅት ያቋቋሙት በ1961 እ.ኤ.አ. ነው። በቀጣዩ ዓመት፣ እኛ 1955ን ስንቀበል፣ ከ270 በላይ አሜሪካውያን ወደ አገራችን ገቡ። አብዛኞቹ የሁለተኛ ደረጃ መምህራን ሆነው በየጠቅላይ ግዛቱ ተመደቡ። የመሯቸው ሃሪስ ዎፎርድ ነበሩ፣ በኋላ የአሜሪካ ሴናተር የሆኑት። በደርግ ጊዜ፣ በ1977 እ.ኤ.አ. ተቋረጠ። በ1995 ተመለሱ።

እንግሊዝኛ ያስተማረኝ ከእነሱ አንዱ ነው። ጥሩ መምህር ነበር። ነገር ግን በዚያን ጊዜ እነሱው አንድ ላይ ቤት ተከራይተው ነበር የሚኖሩት። ዘበኛ አላቸው፣ ወጥ የምትሠራላቸው ሴት አለች። እኛ ቤት የሚመጣው ለፋሲካና ለገና ነው። አባቴ ወንበሩን ይለቅለታል፣ ይበላል፣ ይመሰገናል፣ ይሄዳል። በሁለት ዓመት ውስጥ አባቴና እሱ ረዘም ያለ ጨዋታ ሲጫወቱ አላየሁም። ሁለቱም ደጎች ነበሩ። አብረው አልኖሩም፣ ይኸው ነው። የአሁኑ አሠራር፣ ቤተሰብ መሃል መግባቱ፣ ከዚያ በእጅጉ ይሻላል እላለሁ።

አንድ ነገር አደራ። አማርኛ አውሯት። ሰፈሩ ሁሉ እንግሊዝኛ ሊለማመድባት ይፈልጋል። ልጅቷ ቀን ሙሉ እንግሊዝኛ ስታስተምር ውላ ቤት ስትመጣም እንግሊዝኛ ከሆነ መቼ ትማራለች? ማታ ራት ላይ አማርኛ ብቻ ይሁን። ብትሳሳት አትሳቁባት፣ ቶሎ ቶሎም አታርሟት፣ ትጨርስ። ገበያ ስትወጣ ኦሮምኛና ሶማልኛም ትሰማለች፣ አትደንግጥ በሏት። የድሬ ሰው በአንድ ጨዋታ ሦስቱንም ይቀያይራል።

ሳቢያን 02 | ሐሙስ

ጋሼ፣ እርስዎ የጻፉትን አንብቤ ብዙ አሰብኩ። ጥያቄዬ ተመልሷል። የጀርመን ተመላሹንም አመሰግናለሁ፣ ስለዚያ መርሐ ግብር በውስጥ እጽፍልሃለሁ። ታናሽ እህቴ ዘንድሮ ትመረቃለች።

የገንደ ቆሬ ልጅ | ከሰነበተ በኋላ

መጥታለች! እንዴት ሆነ ለምትሉኝ ልጻፍ።

የመጀመሪያው ማታ ዶሮው ቀረበ። እማዬ ጎረሰች፣ አጎረሰች፣ አንዴ ብቻ። ከዚያ እጇን ሰብስባ ተቀመጠች። ምን ያህል እንደከበዳት ከፊቷ አየሁት። ስለ ቤቱ ሥርዓት ልናወራ ስንል ልጅቷ ራሷ ደብተር አወጣች። ጥያቄዎቿን በአማርኛ ጽፋ ነው የመጣችው። የውስጥ ልብሴን የት ነው የማጥበው? የውጭ በር ስንት ሰዓት ይዘጋል? እናታችሁን ምን ብዬ ልጥራ? እማዬ ለሦስተኛው ብቻ ቶሎ መለሰች። «እማዬ በይኝ» አለቻት።

ብርድ ልብሱ ከፍራሹ ሥር ገብቷል፣ ቬንትሌተር ገዛንላት። በቀትር ከትምህርት ቤት ስትመለስ ሱቁ ሁሉ ዝግ ሆኖባት ግራ ገብቷት ነበር። ወንድሜ ድሬ ከምሳ በኋላ እንደሚተኛና አመሻሽ ላይ እንደገና እንደሚነቃ አስረዳት። አሁን እሷም ትተኛለች። ወንድሜ ዳቦ ቤቱን፣ ባለ ሱቁን፣ ጥግ ላይ የሚቆሙትን የባጃጅ ልጆች አስተዋውቋታል። ማታ ከዘገየች ከእነሱ አንዱ ነው የሚያመጣት።

እሑድ ጠዋት ቀፊራ ገበያ ይዣት ሄድኩ። ቲማቲም የምትሸጥ ሴት ዋጋ ነገረቻት። እሷ በአማርኛ «ትንሽ ቀንሺልኝ እናቴ» አለች። ሴትዮዋ ቀነሰችላት፣ ሁለት ቲማቲምም መረቀችላት። ቤት እስክንገባ ድረስ ስለዚያ ምርቃት አወራች።

አሁን አንድ ችግር አለ። ጎረቤቱ ሁሉ ልጁን ለእንግሊዝኛ እያመጣ ነው። ማታ ማታ ሳሎናችን ክፍል ሆኗል። እሷ እንቢ ማለት አትችልም፣ እማዬም ጎረቤት መመለስ አትችልም። ልጅቷ ግን እየደከማት ነው። ምን ይሻላል?

የከዚራ ጡረተኛ መምህር | በዚያው ዕለት

ከቤት አውጡት ልጄ። ልጅቷ በምታስተምርበት ትምህርት ቤት ለቅዳሜ ጠዋት አንድ ክፍል ይጠየቅ። ርእሰ መምህሩን እሷ ሳትሆን አንቺ አናግሪ። ለጎረቤት የምትነግረው ደግሞ እናትሽ ትሁን፤ «ቅዳሜ ጠዋት ለሁሉም ልጆች ታስተምራለች» ትበላቸው። የተከለከለ አይመስላቸውም። ጠመኔ መያዝ ካስፈለገ እኔም እመጣለሁ።

የገንደ ቆሬ ልጅ | በማግሥቱ

ጋሼ እግዜር ይስጥልኝ፣ ርእሰ መምህሩ ክፍሉን ፈቅደዋል። እርስዎንም እንጠብቃለን።

የሸዋ በሯ፣ አንድ ጥያቄ ላንቺ። ልጅቷ ስለ ሸዋል ዒድ ሰምታ ሐረር ልትሄድ ትፈልጋለች። በ2023 እ.ኤ.አ. ዩኔስኮ ከመዘገበው ወዲህ ሰው ይበዛል ይባላል። የት ብናርፍ ይሻላል?

የሸዋ በሯ | በማግሥቱ

የት ታርፊያለሽ ይባላል? እኛ ቤት ነዋ! ከረመዳን ዒድ በኋላ ስድስቱ ቀን ይጾማል፣ ከዚያ ነው ሸዋል። አንድ ቀን ቀድማችሁ ኑ፤ በዓሉ ዋዜማው ማታ ነው የሚደምቀው። ሌሊቱን ሙሉ ዚክሩና ከበሮው አለ፣ ወጣቱ ሁሉ ለብሶ ይወጣል። ኪርታቷ ባዶ ናት፣ በሩም አለ። ከጠዋት ሚኒባስ ያዙ፣ ከሰዓት ሰልፉ ይረዝማል። የደንገጎን አቀበት ስትወጡ አየሩ ይለወጣልና ሁለታችሁም ሹራብ ያዙ። እናትሽንም አትተዪያት፣ እናቴ ልታያት ትፈልጋለች። ስንት ሆናችሁ እንደምትመጡ ብቻ ቀደም ብለሽ ጻፊልኝ።